ሶስት ለሶስት የተከፈልንበት ልብወለድ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ነሐሴ ከገባ ጀምሮ የሚደርሰኝ ደብዳቤ ግማሹ ስለ አንድ ነገር ነው፣ የዓመቱን ምርጥ የፍቅር ልብወለድ እንዴት እንምረጥ፣ የወረደውንስ እንዴት እንለይ የሚል። እኔም በዚ ጉዳይ የምለው ብዙ ስላለኝ ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ለመስከረም አሳድሬ ዛሬ ከድሬና ከሐረር የመጡ አራት ደብዳቤዎችን ብቻ ይዣለሁ። የመጀመሪያው ብዙ ቦታ ይወስድብናል፣ ይውሰድ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ እንዴት ከረምሽ፣ እኛ ድሬዳዋ ሳቢያን ያለን ስድስት ሴቶች ነን። እኔና እህቴ፣ ሁለት ያክስቴ ልጆች፣ አክስቴ ራሷ እና አንድ ጎረቤታችን። አክስቴ ጨርቃ ጨርቅ ሰርታ ጡረታ የወጣች ናት፣ ከሁላችንም በላይ አንባቢዋ እሷ ናት። በወር አንድ የፍቅር ልብወለድ አዋጥተን እንገዛለን፣ አዟሪው ራሱ ለምዶን አዲስ ነገር ሲመጣ ለኛ ያስቀምጥልናል፣ ከዛ በዙር ነው፣ ወሩ ሰላሳ ቀን ነው እኛ ስድስት ነን ለያንዳንዷ አምስት አምስት ቀን ይደርሳታል፣ በአምስት ቀን ያልጨረሰች ሳትጨርስ ታስረክባለች። ዓመቱ ሲያልቅ አስራ ሁለት መጽሐፍ ይሆናል፣ ጳጉሜን ላይ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል በረንዳ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ቡና እያፈላን የዓመቱን ምርጥና የዓመቱን የወረደ እንመርጣለን። ሶስት ዓመት በሰላም መረጥን። ዘንድሮ ግን ለሙከራ ብለን ነሐሴ ላይ ድምጽ ስንሰጥ አንዱን መጽሐፍ ሶስታችን ምርጥ አልነው፣ ያንኑ መጽሐፍ ሶስቱ የወረደ አሉት! ታሪኩ የድሬ ልጆች ነው፣ ልጁ ጅቡቲ ሊሰራ ይሄዳል፣ ባመቱ እመጣለሁ ብሎ ሰባት ዓመት ይቆያል፣ በስልክ ያወራሉ ከዛ ስልኩ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ሲመለስ አግብታ ልጅ ወልዳለች፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ይገናኛሉ የልጇን የትምህርት ቤት ቦርሳ ይዞላት እስከ ባጃጅ ይሸኛታል፣ በቃ አለቀ። አክስቴ እንደዚ ያለ መጽሐፍ ካነበብኩ ቆየሁ አለች። ያክስቴ ልጆች ደሞ ፍቅር ብለን ገዝተን ለቅሶ ይዘን ገባን ብለው ተናደዱ። ጎረቤታችን (ባሏ እሱም ጅቡቲ ነው) በሁለት ቀን ጨርሳ ምንም ሳትል ነው የመለሰችልን፣ ድምጽ ስንሰጥ የወረደ ነው ማንም ባያነበው ደስ ይለኛል ብላ ተነስታ ሄደች፣ ከዛ ወዲህ ቡና ላይ አልመጣችም። አሁን ጳጉሜን ደረሰ፣ እንዴት አድርገን እንምረጥ? አንድ መጽሐፍ ምርጥም የወረደም መሆን ይችላል ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሄዳችሁ ጎረቤታችሁን አምጧት። ዛሬ ማታ። መጽሐፉን ሳታነሱ፣ ቡና ፈልቷል ነይ ብላችሁ ብቻ። ስለሷ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፣ አሁን ግን ወደ ጥያቄሽ ልግባ።

ያክስትሽ ልጆች የተናደዱት በመጨረሻው ገጽ ነው። ንዴታቸው ደሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም ምክንያቱም በፍቅር ልብወለድና ባንባቢው መሀል ሳይጻፍ የሚፈረም ውል አለ። አሜሪካ ያሉት የፍቅር ልብወለድ ጸሐፊዎች ማህበራቸው ይሄን ውል በግልጽ አስቀምጦታል፣ የፍቅር ልብወለድ ለመባል ሁለት ነገር ያስፈልጋል፣ የታሪኩ ማዕከል የሁለቱ ፍቅር መሆን አለበት፣ መጨረሻው ደሞ አንባቢውን የሚያጠግብና ተስፋ ያለው መሆን አለበት። በዚ መለኪያ ካየነው የናንተ መጽሐፍ የፍቅር ልብወለድ አይደለም፣ ስለ ፍቅር የተጻፈ ሌላ ልብወለድ ነው። ግን እኮ በዚ መለኪያ ከሄድን ፍቅር እስከ መቃብርም የፍቅር ልብወለድ አይደለም ልንል ነው! እስቲ ማን ደፍሮ ይሄን ይላል፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ነው ለኛ ፍቅር ማለት ምን እንደሆነ ያስተማረን፣ ማንበብ የማይችለው ሰው ሳይቀር በወጋየሁ ንጋቱ ድምጽ በሬዲዮ ሰምቶ አልቅሷል፣ መጨረሻው ደሞ ርዕሱ ላይ ተጽፎ ነው የሚሸጠው።

ብዙ ሰው ግን የሚረሳው ነገር አለ። ከሱ 58 ዓመት በፊት፣ በ1900 ዓ.ም. አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብወለድ፣ ዛሬ ጦቢያ እያልን የምንጠራው፣ የሚያልቀው በሰርግ ነው። ወንድ መስላ የምትዞር ልጅ አለች፣ ጦርነት አለ፣ ምርኮ አለ፣ ስደት አለ፣ መጨረሻው ግን ጋብቻ ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ርዕስ ልብ ወለድ ታሪክ ነበር፣ እኛ ዛሬ ይሄን የጽሑፍ ዓይነት በሙሉ ልብወለድ የምንለው ከዛ ርዕስ ወስደን ነው። ስለዚ ያክስትሽ ልጆች በደስታ ይለቅልን ሲሉ ከቱርክ ድራማ የተማሩት ነው ብላችሁ አትናቋቸው፣ አክስትሽም መለያየቱን ስትወድ ያረጀ ነገር ይዛለች አትበሏት። ሁለቱም ሥር ያለው ነገር ነው የያዙት፣ አንዷ ወገን ሰርጉን ወረሰች ሌላዋ መቃብሩን።

እና በመጨረሻው ገጽ አትምረጡ ነው የምለው። እኔ የፍቅር ልብወለድ የምመዝንበት አንድ ጥያቄ አለኝ፣ መጽሐፉን ከዘጋሁ ከሳምንት በኋላ ራሴን እጠይቃለሁ፣ ሁለቱ ምን አወሩ? እንዴት ተገናኙ አይደለም፣ ማን ከለከላቸው አይደለም፣ ምን አወሩ። ከቁንጅናዋና ከናፍቆቱ ውጪ ያወሩት አንድ ነገር ትዝ ካለኝ መጽሐፉ አለ ማለት ነው። ምንም ትዝ ካላለኝ ያነበብኩት ስለ መሰናክል ነው፣ ክፉ አባት፣ ሀብታም ተቀናቃኝ፣ የጠፋ ደብዳቤ፣ የመኪና አደጋ፣ እነዚ ሁሉ ይደረደራሉ መሀል ላይ ግን ሁለት ሰው የለም፣ ሁለት ስም ብቻ ነው ያለው።

ፍቅር እስከ መቃብርን በዚ ጥያቄ እዪው። በዛብህ ሰብለ ወንጌል ቤት የገባው ሊያስተምራት ነው፣ ፊታውራሪ መሸሻ ማንበብና መጻፍ አስተምራት ብለው አስገቡት፣ አስተማሪና ተማሪ ሆነው ነው የተቀመጡት፣ ፍቅሩ የመጣው በትምህርቱ መሀል ነው። ቀን ከቀን ተያይተው ተነጋግረው ተላምደው ነው የተዋደዱት፣ ለዛ ነው መጨረሻው እንደዛ የሚያመው፣ የማናውቃቸው ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ መቃብሩም ምንም አይመስለንም ነበር።

አሁን የናንተን መጽሐፍ በዚ ጠይቁት። በደብዳቤሽ ላይ በስልክ ያወራሉ ብለሽ አልፈሽዋል፣ ምን ይላሉ? መጽሐፉን እኔም አንብቤዋለሁ፣ ርዕሱን ያልጠራሁት ምርጫችሁ እስኪያልቅ ብዬ ነው። ልጁ ከጅቡቲ ደውሎ ስለ ውሃ የሚጠይቃት ቦታ ትዝ ይልሻል? የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋግረውን ነጭ ነገር አሁንም በማንኪያ ነው የምትፈገፍጊው ወይስ ሌላ ዘዴ አገኘሽ ይላታል፣ እሷ ደሞ ትስቅና ይሄን ለመጠየቅ ነው ብር አውጥተህ የደወልከው ትለዋለች። እኔ እዛ ጋ ነው ያለቀስኩት፣ መጨረሻው ላይ አይደለም። ሰው ሲናፍቅ እኮ እንደዛ ነው፣ ጨረቃና ኮከብ አይጠይቅም፣ የማንቆርቆሪያውን ነገር ነው የሚጠይቀው። ጸሐፊው ይሄን ያወቀበት መንገድ ይገርመኛል። ከዛ በኋላ ስልኩ ሲቀንስ ውሃው አይጠየቅም፣ ሰላም ነሽ ሰላም ነህ ብቻ ይሆናል፣ አንባቢው ማንም ሳይነግረው ማለቁን ያውቀዋል። ስለዚ የኔ ድምጽ ካክስትሽ ጋር ነው፣ ግን የኔ ድምጽ አይቆጠርም፣ እናንተ ናችሁ ስድስት።

የወረደውንስ? የወረደ ማለት ያሳዘነ ማለት አይደለም፣ ያልተስማማንበት መጨረሻም አይደለም፣ የፊደል ግድፈት የበዛበትም ለኔ የወረደ አይደለም፣ ገንዘብ አጥሮት እርማት ያላሰራ ጸሐፊ ስንት አለ። ለኔ የወረደ የሚባለው ግፍን ፍቅር ነው ብሎ የሚሸጥልን ነው። በየዓመቱ እጄ ላይ ይገባል እንደዚ ያለ መጽሐፍ፣ እምቢ ያለችውን ልጅ መንገድ ላይ የሚጠብቃት፣ ስልኳን የሚበረብር፣ በጓደኞቹ አስይዞ የሚወስዳት፣ ከዛ ሶስት ምዕራፍ ታለቅሳለች አራተኛው ላይ ልቧ ይራራል፣ መጨረሻው ላይ ሰርግ! አንባቢም መጨረሻው ያምራል ይላል። እስቲ ይሄን አስቡት፣ በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። ይሄ የተለወጠው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው፣ አንቀጽ 587 ላይ ለማግባት ብሎ ሴትን በኃይል የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት አለበት፣ በኋላ ቢጋቡም ከተጠያቂነት አያድነውም። ሕጉ የዘጋውን በር የፍቅር ልብወለድ ነን የሚሉ መጻሕፍት ዛሬም ይከፍቱታል፣ መጨረሻው ገጽ ላይ አጋብተው ወንጀሉን ይሰርዙለታል። አስራ ሁለቱን መጽሐፍ ደርድሩና እንደዚ ያለ ካለ እሱ ነው የዓመቱ የወረደ፣ ቋንቋው ምንም ያህል ቢያምር። እንደውም ቋንቋው ካማረ የባሰ ነው። እዚም ጋ ሁለቱ ምን አወሩ የሚለው ጥያቄ ይሰራል፣ እንደዚ ያለ መጽሐፍ ውስጥ እሷ የተናገረችውን ብትሰበስቢው አንድ ገጽ አይሞላም፣ እሱ ነው የሚያወራው።

ሌላ የምነግርሽ ተግባራዊ ነገር፣ ደብተር ያዙ። መስከረም ላይ ያነበባችሁት መጽሐፍ ጳጉሜን ላይ ደብዝዞ ነው የሚመጣው፣ ሐምሌና ነሐሴ የተነበበው ግን ትኩስ ስለሆነ ሁሌም ድምጽ ያገኛል። ያለፉት ሶስት ዓመት የመረጣችሁት ምርጥ በየትኛው ወር የተነበበ እንደነበር አስታውሱ፣ የክረምት መጽሐፍ ከሆነ እኔ አልገረምም። እያንዳንዷ መጽሐፉን ስታስረክብ ሁለት መስመር ትጻፍ፣ ትዝ ያለኝ ንግግር ይሄ ነው፣ ተመልሼ ያነበብኩት ገጽ ይሄ ነው። ተመልሳ ያነበበችው ገጽ ከሌለ ባዶውን ትተወው፣ ባዶነቱም ድምጽ ነው። የምትጽፈውን ደሞ ሌላዋ ሳትጨርስ እንዳታነብ፣ በተለይ አክስትሽ ቀድማ ካነበበች የሁላችሁንም ሐሳብ ይዛ ትሄዳለች፣ ትልቅ ሰው ናት ማን ይከራከራታል።

አሁን ወደ ጎረቤታችሁ። በሁለት ቀን የጨረሰች ሰው መጽሐፉ የወረደባት አይደለም፣ አምስት ቀን ነበራት እኮ። ድሬ ራሷ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲደርስ የቆመች ከተማ ናት፣ የሄደ ሰው መጠበቅ እዚ ቤት ስንት ሴት የኖረችው ነው፣ እሷ ደሞ አሁን ውስጡ ናት። እናንተ ልብወለድ ስታነቡ እሷ የገዛ ስልኳን ነው ያነበበችው፣ ስልኩ ሲቀንስ የሷን ቆጥራለች። ማንም ባያነበው ደስ ይለኛል ያለችው ለዛ ይመስለኛል። ስለዚ ሶስተኛ ምድብ ክፈቱ፣ ምርጥ፣ የወረደ፣ ያመመኝ። ያመመኝ ብላ የምትመርጥ ሰው ምክንያት አትጠየቅም፣ ድምጿ ከሌላው ጋር አይደመርም፣ አይቀነስም። አንድ መጽሐፍ ምርጥም የወረደም መሆን ይችላል ወይ ላልሽኝ፣ አይችልም ባይ ነኝ፣ ምርጥም ያመመኝም ግን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ እንደውም አንድ መጽሐፍ ነው። ለመስከረም የምትገዙትን ደሞ እሷ ትምረጥ።

ጥያቄ፦ እህቴ ሰላም ነው፣ ከሐረር ነው የምጽፍልሽ፣ ወንድ ነኝ። ማታ ጀጎል ውስጥ ጓደኛዬ ቤት በርጫ ላይ ተቀምጠን ስለ መጽሐፍ ተነሳና ዘንድሮ ካነበብኩት የፍቅር መጽሐፍ ምርጡ ኦሮማይ ነው ስላቸው ቤቱ በሳቅ አለቀ፣ ኦሮማይ የፖለቲካ ነው አንተ ፍቅር ፍለጋ ነው ያነበብከው አሉኝ፣ አቦ አፈርኩ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ አልተሳሳትክም፣ ጓደኞችህም ፖለቲካ ነው ሲሉ አልዋሹም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው መጽሐፍ ደርግ ኤርትራ ላይ ያካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው ከነሹማምንቱ፣ መጽሐፉም ከገበያ ተሰብስቧል፣ እሱም በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀርቷል። ስለዚ ሰው ሲያነሳው በዛ በኩል ቢያነሳው አይገርምም። ግን ጋዜጠኛው ጸጋዬ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ አስመራ ሲወርድና ከፊያሜታ ጋር ሲገናኝ ያለውን ነገር ከመጽሐፉ አውጣና እስቲ ምን ይቀራል፣ ሪፖርት ነው የሚቀረው። ዘመቻው ሰው ላይ ምን እንዳደረገ የምናየው በሱ ልብ ውስጥ ነው፣ የሚያምንበት ነገርና የሚወደው ሰው ሲጋጩበት። እኔ እንደውም አንተ ከነሱ በተሻለ አንብበኸዋል ባይ ነኝ።

ስለ ማፈሩ ደሞ፣ በርጫ ላይ የፍቅር ዘፈን ሲከፈት አብሮ የማያንጎራጉር ወንድ አለ? የለም። ዘፈኑን እንሰማለን መጽሐፉን ግን የሴት ነው እንላለን፣ ይሄ ልክ አይደለም፣ ያማርኛ የፍቅር ልብወለድ ትልልቆቹን የጻፉት ወንዶች ናቸው እኮ፣ ሲጽፉ ያላፈሩትን አንተ ስታነብ ለምን ታፍራለህ። በሚቀጥለው ስትገናኙ መጽሐፉን ይዘህ ሂድና አንድ ገጽ ጮክ ብለህ አንብብላቸው፣ አስመራ ላይ ሁለቱ የሚያወሩበትን ቦታ። ዝም ብለው ይሰሙሃል።

ጥያቄ፦ ከድሬ ከዚራ ነኝ፣ መምህርት ነኝ። ዘንድሮ ነገም ሌላ ቀን ነውን (ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ የሚባለው የአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል ልብወለድ ትርጉም) ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት፣ ሌሊት ሳይቀር ይዞኝ አደረ፣ ምርጤ ነው ልል ስል ግን ባሪያዎቹ የተጻፉበት መንገድ ውስጤን ረበሸው። ሁለቱንም ነው የተሰማኝ። ምን ላድርገው? ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ ነው ያነበብኩት እሱም ይቆጨኛል።

መልስ፦ መምህርት፣ ከፒዲኤፉ ልጀምር፣ ከቆጨሽ አንድ ኮፒ ገዝተሽ ለተማሪ ስጪ፣ አለቀ። ጸሐፊም ተርጓሚም የሚኖረው ከተሸጠው ነው።

ዋናው ጥያቄሽ ግን ከባድ ነው። ይሄ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የመጣበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ክፉ ሊናገርበት ይከብደዋል፣ ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ ታስሮ እያለ ነው የተረጎመው፣ ወረቀት ስላልነበረው በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ። እስር ቤት ውስጥ ሆኖ ነገም ሌላ ቀን ነው የሚል ሐሳብ በብጣሽ ወረቀት ላይ የሚጽፍ ሰው ሳስብ መጽሐፉ ለኔ ሁለት ታሪክ ይሆንብኛል፣ የስካርሌት ታሪክና የተርጓሚው። እዛ ክፍል ውስጥ ሰዎች ይሄን የፍቅር ታሪክ ለምን እንደፈለጉት የሚገባኝ ይመስለኛል።

ግን የረበሸሽ ነገር እውነት ነው፣ ችላ አትበዪው። መጽሐፉ በ1936 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው፣ ባርነትን ከጌቶቹ ሳሎን ቁጭ ብሎ ነው የሚያየው፣ ያ ዓለም ሲፈርስ አብረን እንድናዝን ይፈልጋል፣ ባሪያዎቹ ለራሳቸው ምን እንደተመኙ ግን አይጠይቅም። ቅድም ላልኩት ጥያቄ አምጪው፣ ስካርሌትና ሬት ምን አወሩ ቢባል ስንት ገጽ ትነግሪኛለሽ፣ ሲሰዳደቡ ሲፎካከሩ ሲዋሹ ሁሉም ትዝ ይልሻል፣ ያሳደገቻት ሞግዚት ስለ ራሷ ሕይወት ምን አለች ቢባል ግን ምን ትያለሽ? እዛ ላይ ነው ጉድለቱ። እኔ ብሆን የዓመቱ ምርጥ የፍቅር ታሪክ ብዬ እጽፈውና ከጎኑ የረበሸኝን ሳልቀንስ እጽፋለሁ፣ ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ። አስተማሪ ነሽ፣ ተማሪ ፊት ይሄን ማሳየት ትችያለሽ፣ አንድ ነገር ወደን እዚ ጋ ግን ልክ አይደለም ማለት እንደምንችል።

ጥያቄ፦ እህቴ እባክሽ ስሜንም ሰፈሬንም አትጻፊ። ሐረር ነው የምኖረው፣ 24 ዓመቴ ነው፣ አምና የመጀመሪያ ልብወለዴን በራሴ ገንዘብ አሳተምኩ፣ እናቴ ወርቋን ሸጣ ነው ግማሹን የሞላችልኝ። ዘንድሮ እዚው ያለ አንድ የንባብ ቡድን የዓመቱ የወረደ የፍቅር ልብወለድ ብሎ የኔን መረጠ፣ ሰው ፊት ነው የተነበበው፣ እኔም ነበርኩ፣ ጸሐፊዋ እዛ መቀመጧን አላወቁም። ለምን እንደወረደ ግን አንድም ሰው አልተናገረም፣ ተሳቀና ታለፈ። ከዛ ቀን ጀምሮ አልጻፍኩም። መጽሐፉን ልኬልሻለሁ፣ እውነቱን ንገሪኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ መጽሐፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። እውነቱን ንገሪኝ ስላልሽ እነግርሻለሁ፣ ከዛ በፊት ግን ለንባብ ቡድኖች በሙሉ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። የወረደ ብላችሁ ስትመርጡ ምክንያቱን ከነገጹ ተናገሩ። ምክንያት የሌለው ምርጫ ፍርድ አይደለም። የታወቀ ሰው መጽሐፍ ከሆነ በስሙ ጥሩት፣ ብዙ አንባቢ አለው ይችለዋል። በናቱ ወርቅ አንድ መጽሐፍ ያሳተመ ልጅ ከሆነ ግን ርዕሱን አደባባይ ላይ ከምታነቡት ወስዳችሁ ለራሱ ንገሩት። ሐረርም ድሬም እኮ ትንሽ ናቸው፣ የጻፈው ሰው ከጎናችሁ ሊቀመጥ ይችላል፣ ደሞ ተቀምጦም ነበር።

አሁን እውነቱ። መጽሐፍሽ የዓመቱ የወረደ አይደለም፣ ጠለፋ የለበትም፣ ግፍ አላሳመርሽም፣ ልጅቷ እምቢ ስትል ልጁ ይሰማታል፣ ይሄን ብቻ እንኳን ያደረገ ያንጋፋ መጽሐፍ ብዙ አላገኘሁም። ግን ይደክማል። ከመጀመሪያው እስከ ስድስተኛው ምዕራፍ ሁለቱ አይነጋገሩም፣ አንቺ ነሽ ስለነሱ የምትነግሪን፣ በጣም ይዋደዳሉ፣ በጣም ይናፈቃሉ፣ ዓይኗ እንደዚ ነው፣ ድምጹ እንደዛ ነው። መሰናክሉ ደሞ በዛ፣ አጎት ከለከለ፣ ደብዳቤ ጠፋ፣ ልጁ ታመመ፣ ልጅቷ ታመመች፣ አንዱ ሕመም ይበቃ ነበር። ሰው የሳቀው ሁለተኛው ሕመም ላይ ይመስለኛል፣ ይሄን ስነግርሽ ልብሽ እንደሚደማ አውቃለሁ ግን ሳይነግሩሽ ከሚስቁብሽ ይሄ ይሻላል።

ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ግን አንድ ነገር አድርገሻል። ረመዳን ነው፣ ልጁ ከሥራ ሲመለስ ለእናቷ ብሎ ሙሽበክ (በዘይት የሚጠበሰውን ጣፋጭ) ገዝቶ ይመጣል፣ በሩ ላይ እሷን ያገኛታል፣ ማፍጠሪያው ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው፣ ሁለቱም ጾመኛ ናቸው፣ በወረቀት የተጠቀለለውን መሀላቸው ይዘው አዛን እስኪል ቆመው ያወራሉ። ስለ ፍቅር አንድ ቃል አይነሳም። ዘይቱ ወረቀቱን እያራሰው ነው እጅሽን ያቆሽሻል ይላታል፣ እሷ ደሞ ቤታቸው ስለሚያፈሰው ጣራ ትነግረዋለች፣ አባቷ መሰላል ላይ መውጣት እንዳቃተው፣ ይሄን ለማንም ነግራ እንደማታውቅ። አዛኑ ሲል ሁለቱም ይደነግጣሉ። አራት ገጽ ናት። ተመልሼ ያነበብኳት እሷን ነው፣ ሶስት ጊዜ፣ ደብተሬ ላይም ጽፌያታለሁ፣ ዘንድሮ ካነበብኳቸው የፍቅር መጻሕፍት ውስጥ ሁለቱ ምን አወሩ ብባል ሳላስብ ከምጠቅሳቸው ሶስት ቦታዎች አንዷ ናት፣ ከማንቆርቆሪያው ጋር ጎን ለጎን።

ስለዚ አሁን ሌላ ነገር አትጻፊ፣ ሌላ ነገርም አታንብቢ፣ እነዛን አራት ገጾች ብቻ በእጅሽ ገልብጪያቸው። ከዛ ልጁ በማግስቱ መሰላል ይዞ ይምጣ። ጣራው ላይ ሆኖ፣ እሷ ከታች ቆርቆሮ እያቀበለችው፣ ምን ይላታል? እሱን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ አድራሻዬ ያው ነው፣ እጠብቃለሁ።